የ1973 መልክ ያለው የ1983 መኪና

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ



ባለፈው ክረምት ከሎስ አንጀለስ ከተማ ለብዙዎቻችሁ አንድ ፎቶግራፍ ልኬላችሁ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በፎቶግራፉ ላይ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ቀለም የተቀባ፣ መብራቶቹ ክብ የሆኑ፣ ጀርባው ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ትንሽ የስፖርት መኪና ይታያል። ከሥሩም «የ1973 ፖርሽ፤ እኔና አጎቴ ያደስነው» የሚል ቃል ጽፌበት ነበር። ከእናንተም ብዙዎቹ አድናቆታችሁን ገለጻችሁልኝ። አንዳንዶቻችሁም ለወላጆቻችሁ እንዳሳያችሁ ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ አንድ መምህራችን ነገሩን በክፍል ፊት አንስተው አመሰገኑኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። መምህራችን ይህን ዝምታዬን እንደ ትሕትና ቈጠሩልኝ። ነገር ግን ትሕትና አልነበረም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ያ መኪና የተሠራው በ1983 እንጂ በ1973 አይደለም። እኛም አላደስነውም፤ መልኩን ወደ ቀድሞ ዘመን መልሰን ለወጥነው እንጂ። የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ክረምት ዕረፍቴ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ባሕሩ ዳርቻ ወይም ስለ ትላልቆቹ ሕንፃዎች ለመጻፍ አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬም ሁለት ጊዜ ተውኩት። ያንን ቃል ሳላርም ሌላ ነገር መጻፍ አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ሥራው ምን እንደ ነበር፣ እንዴትም እንደ ተሠራ፣ በመጨረሻም እኔ ምን እንዳጠፋሁ በተራ አጫውታችኋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሙያቸው የመኪና አካል መጠገን ሲሆን የተማሩትም እዚሁ አዲስ አበባ ከአባታቸው፣ ማለት ከአያቴ ነው። አያቴ በሰፈራቸው የታወቁ ባትላሜራ ነበሩ። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ቢሆንም ዛሬ የኛው ሆኗል፤ የተጣመመ ላሜራ ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመልስ ባለሙያ ማለት ነው። አጎቴ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቤታቸው በፌርፋክስ ጎዳና አቅራቢያ፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ይህን ያህል ዘመን በሰው ሀገር ቢኖሩም በሥራ ላይ ሲሆኑ ኮፈኑን ኮፈን፣ ፓራፋንጎውን ፓራፋንጎ ማለት አልተዉም። አብሯቸው የሚሠራው የሜክሲኮ ተወላጅም እነዚህን ቃላት ንጹሕ አማርኛ እየመሰሉት ለምዷቸዋል።

በደረስኩ በማግሥቱ አጎቴ፣ «ሽርሽሩ የእሑድ ነው። በሌላው ቀን ከኔ ጋር መጥተህ መጥረጊያ ትይዛለህ» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ተከተልኳቸው። በጋራዡም ውስጥ ፊቱ የተጨፈለቀ፣ ጥቁር ፓራውልት ያለው አንድ መኪና ቆሞ አገኘሁ። ፓራውልት የምለው ከመኪናው ፊትና ኋላ ሆኖ ግጭት የሚቀበለውን መከላከያ ነው። ይህ መኪና ፖርሽ 911 ኤስ ሲ የሚባል፣ በ1983 የተሠራ ነበር። ባለቤቱ ከግጭት በኋላ በርካሽ ገዝተውት ነበርና፣ የተጎዳው ፊቱ ካልቀረ መሠራቱ ካልቀረ፣ ከ1974 በፊት እንደ ነበሩት መኪናዎች ሆኖ እንዲሠራላቸው ፈለጉ። አጎቴም ሥራውን የተቀበሉት ስለ ተጋጨ ነው። «ደህናውን መኪና ለመልክ ብዬ አልቆርጥም። የተሰበረውን ግን እንዴት ላድርገው ብሎ መጠየቅ ይቻላል» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «የአንዱን ዘመን መኪና ፊት በሌላው ዘመን መኪና ላይ መግጠም እንዴት ይቻላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱ በመኪናው ታሪክ ውስጥ ነው። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፈርት የአውቶሞቢል ትርዒት ላይ ሲሆን ስሙ 901 ነበር። ነገር ግን የፈረንሳዩ ፔጆ ኩባንያ በመካከሉ ዜሮ ያለበትን ባለ ሦስት አኃዝ ስም መጠቀም መብቱ የኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ተባለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1989 ድረስ ሞተሩ አደገ፣ ጎማው ሰፋ፣ በ1969 ሞዴል ላይም በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ርቀት በ57 ሚሊ ሜትር ረዘመ። ሆኖም የጣራው ቅርጽ፣ የፊት መስተዋቱ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የተደረደሩት አምስት ክብ መለኪያዎች፣ ከኋላ የተቀመጠውና በነፋስ የሚቀዘቅዘው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በመሠረቱ አልተለወጡም። ባጭሩ አጽሙ አንድ ነው። አጽሙ አንድ ስለ ሆነ ፊቱን ማለዋወጥ ተቻለ።

ፊቱ የተለወጠበት ምክንያት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ሕግ ነው። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ መኪና በቀስታ ሲጋጭ መብራቱና ሌላው የደኅንነት መሣሪያው እንዳይጎዳ የፊት ፓራውልቱ በሰዓት 5 ማይል፣ ማለት 8 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ፍጥነት የሚደርስበትን ግጭት መቋቋም አለበት ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ለኋለኛውም ይኸንኑ አዘዘ። ስለዚህ በ1974 ሞዴል ላይ ቀጭኑና ኒኬል መሳይ ጌጥ ያለው ፓራውልት ቀርቶ ወፍራምና ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ በሁለቱ ጎኖቹ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጎማ ያለው ፓራውልት መጣ። ይህም ቦታ ስለ ፈለገ እስከ ታች ይወርድ የነበረው ኮፈን አጠረ። ከመብራቶቹ ሥር በፓራፋንጎው ላይ የነበሩት ፍሬቻዎችም ወደ ፓራውልቱ ተዛወሩ። ለውጡ ይህን ያህል ነው። ሆኖም የመኪና ፍቅር ያላቸው ሰዎች ሁለቱን ዘመናት «ረጅም ኮፈን» እና «አጭር ኮፈን» እያሉ ይለዩአቸዋል።

አሮጌውን መልክ የሚወዱ ሰዎች ለምን አሮጌውን መኪና ራሱን አይገዙም ቢባል ሦስት ምክንያት አለ። መጀመሪያ፣ አሮጌዎቹ ክፉኛ ይዝጋሉ። ኩባንያው ላሜራውን በሁለት ወገን በዚንክ መለበጥ የጀመረው ከ1976 ሞዴል ወዲህ ነው። ሁለተኛ፣ የኋለኞቹ ሞተር ይበልጣል። የመጀመሪያው 2 ሊትር ሲሆን ይህ ኤስ ሲ ግን 3 ሊትር ነው። ሦስተኛውና ዋናው ግን ገንዘብ ነው። ለምሳሌ በ1972 መጨረሻ በፓሪስ ትርዒት የታየውና ካሬራ አር ኤስ 2.7 የተባለው መኪና 500 ያህል ብቻ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። በመጨረሻው 1,580 ተሠራ። ዛሬ ግን ያንን ለመግዛት ባለጠጋ መሆን ያስፈልጋል። ሰው የሚመኘውን ሲያጣ የሚመስለውን ይሠራል። እዚያው በሎስ አንጀለስ በ2009 የተቋቋመ ሲንገር የተባለ ድርጅትም ከ1989 በኋላ የተሠሩትን 911 መኪናዎች የጥንት መልክ እያለበሰ በመሥራት ስሙ በዓለም ታውቋል።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት መፍታት ብቻ ነበር። የፊት ፓራፋንጎዎቹ በቡሎን የተያዙ ስለ ሆኑ ያለ መቁረጥ ይወልቃሉ። የእኔ ሥራ እያንዳንዱን ቡሎን በትንሽ ከረጢት ከትቶ ከየት እንደ ወጣ መጻፍ ነበር። ሥራው አሰልቺ መስሎኝ በአንድ ከረጢት የሁለት ቦታ ቡሎኖች ጨመርኩ። አጎቴ አይተው ምንም ሳይናገሩ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የየትኛው ከየት እንደ ሆነ ለመለየት እስከ ማታ ድረስ ፈጀብኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ያን ቀን በእጄ ተማርኩት።

ከዚያ በኋላ ከባዱ ሥራ መጣ። ረጅሙ ኮፈን የሚዘጋበት፣ ቁልፉም የሚያርፍበት ከፊት ያለው ላሜራ በአዲስ መኪና ላይ ሌላ ቅርጽ አለው። ስለዚህ መነሣትና በቀድሞው ዓይነት መተካት ይገባዋል። ይህ ላሜራ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር የተያያዘው በነጥብ ነጥብ ብየዳ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በመሰርሰሪያ ሲፈቱ የላይኛውን ላሜራ ብቻ በስቶ ከሥር ያለውን ሳይነኩ መቆም ያስፈልጋል። አጎቴ አንድ ሁለቱን አሳይተውኝ ቀሪውን ለእኔ ተዉልኝ። የመጀመሪያዎቹን በጥንቃቄ ሠራሁ። እጄ ሲላመድ ግን ልቤ ኮራ። ሳላውቀው መሰርሰሪያው ከሥር ያለውን ደህና ብረት አልፎ ወጣ። አንድ ጊዜ ቢሆን ስሕተት ነው። እኔ ግን አጎቴ እንዳያዩ ብዬ ዝም ብዬ ስቀጥል አሥራ አንድ ቀዳዳ አበጀሁ።

ላሜራው ሲነሣ ብርሃን በአሥራ አንዱ ቀዳዳ ገባ። አጎቴ በጣታቸው አንድ በአንድ ቈጠሯቸው። «ስንተኛው ላይ ነው የታወቀህ?» ብለው ጠየቁኝ። «የመጀመሪያው ላይ» አልኩ። «እንግዲያው አንዱ የእጅህ ስሕተት ነው፤ አሥሩ የአፍህ ናቸው» አሉኝ። ቀዳዳዎቹንም እሳቸው በየዱ፤ እኔ ከላይ ከላይ ሞረድኩ።

በዚያ ጊዜ ስለ ዚንክም ተማርኩ። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል። ያንን ጢስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወባ እንደ ያዘው ሰው ትኩሳትና ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ አጎቴ ከብየዳው ቦታ ዚንኩን አስቀድመው ይፈገፍጋሉ፤ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሳያደርጉ አይበይዱም፤ እኔንም ያለ ጭምብል አያስጠጉኝም ነበር። ብየዳው ካለቀ በኋላ ራቁቱን የቀረውን ብረት ዚንክ ባለበት ቀለም መልሰው ይሸፍኑታል። «የመኪናው ዋና ሀብት አለመዛጉ ነው። እኛ ለመልክ ብለን ዝገት ካስገባንበት ምን ሠራን?» ይሉ ነበር።

ኮፈኑንና ፓራፋንጎዎቹን ከመበየዳችን በፊት ሰቅለን አየናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ሆነ። አወረድናቸው። እንደገና ሰቀልን፤ እንደገና አወረድን። በአራተኛው ጊዜ አጎቴ ጥፍራቸውን በክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እየሳቡ ሄዱና «አሁን በይድ» አሉ። የሩቅ ተመልካች የሚያየው ቀለሙን ነው። የሥራው ሁሉ ልፋት ግን ያለው ምንም በሌለበት በዚያ ቀጭን ክፍተት ላይ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ፍሬቻዎቹን ወደ ፓራፋንጎው ለመመለስ ሽቦ ቀጠልን። በቀኙ ፓራፋንጎ ውስጥ ያለውን የዘይት ማቀዝቀዣ ከአዲሱ ቅርጽ ጋር አስማማን። ከኋላ በሁለቱ መብራቶች መካከል የተዘረጋውንና የኩባንያው ስም የተጻፈበትን ቀይ አንጸባራቂ አነሣን። ጥቁሩን የመስኮት ዙሪያ ጌጥ በሚያብለጨልጭ ተካነው። ቀጫጭኖቹን ፓራውልቶች ገጠምን። ቀለሙን የቀባው ሌላ ባለሙያ ነው። የኋላ ጎማዎቹን የሚሸፍነው አካል ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ በዚህ መኪና ላይ ከጥንቶቹ ተራ መኪናዎች ሰፋ ያለ ነውና አዋቂ ዓይን ከዚያ ላይ ይደርስበታል።

አንድ ቀን ባለቤቱ ሥራውን ሊያዩ መጥተው በጣም ደስ አላቸው። እየሣቁም፣ «እንግዲህ የ1973 መስሏል፤ ከጭስ ምርመራም ያመልጣል» አሉ። በካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1975 ሞዴል ድረስ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች በየሁለት ዓመቱ ከሚደረገው የጭስ ምርመራ ነጻ ናቸው። ከ1976 ወዲህ ያሉት ግን አይደሉም። አጎቴም ሣቅ ብለው የፊቱን ኮፈን ከፈቱና በዕቃ መጫኛው ውስጥ ምንጣፉን ገልጠው በብረቱ ላይ የተመታውን ቍጥር አሳዩአቸው። ከ1981 ወዲህ የተሠሩት መኪናዎች አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ቍጥር አላቸው። አሥረኛው የተሠሩበትን ሞዴል ዓመት ይናገራል። በዚህ መኪና ላይ አሥረኛው «ዲ» የተባለው የላቲን ፊደል ሲሆን ትርጕሙም 1983 ነው። «ሕጉ የሚያነበው ይህን ነው፤ ፊቱን አይደለም» አሉ አጎቴ። ስለዚህ ጭሱን የሚያጣራው መሣሪያ እንዳለ ቀረ፤ መኪናውም ተመርምሮ አለፈ።

እኔ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ምንጣፉ ሲገለጥ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ባለማወቅ አደረግሁት ለማለት አልችልም።

ሥራው ባለቀ በመጀመሪያው እሑድ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ጧት ጧት ወደሚሰበሰቡበት አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሄድን። ባለቤቱ መኪናው እንዲፈተሽ ፈቅደው ነበር። አጎቴ ቡና ሊያመጡ ሲሄዱ እኔ ጨርቅ ይዤ አቧራ የሌለበትን መኪና እወለውል ጀመር። ለእናንተ የላክሁትን ፎቶግራፍ ያነሣሁት በዚህ ጊዜ ነው። ያንን ቃል ጽፌ ገና ስልኬን ወደ ኪሴ ስመልስ በከዘራ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ቀርበው ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ተመለከቱት። ከዚያም፣ «ልጄ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የ1973» አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በከፊል ረጅሙን ነገር ማስረዳት ሰነፍኩ። በከፊልም አሁን ለጓደኞቼ የጻፍሁት ቃል ገና በጣቴ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተዋሸ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀላል። ይልቁንም ግን በዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን አድናቆት ለራሴ ማድረግ ፈለግሁ።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ጎረምሳ ሳሉ በአንድ ቤንዚን ማደያ ይሠሩ እንደ ነበር አጫወቱኝ። በ1972 ሞዴል ላይ ኩባንያው የሞተር ዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከቀኙ በር በስተኋላ በውጭ በኩል አድርጎት ነበር። ብዙ የማደያ ሠራተኞችም የቤንዚን መጨመሪያ እየመሰላቸው በዘይቱ ጋን ውስጥ ቤንዚን ጨመሩ። በዚህም የተነሣ ክዳኑ በሚቀጥለው ዓመት ቀረ። «ከነዚያ ሞኞች አንዱ እኔ ነኝ» አሉና ከልባቸው ሣቁ። «የዚያን ቀን ከሥራ ልባረር ነበር።» ቀጥለውም ከቀኙ በር በስተኋላ ያለውን ልሙጥ ላሜራ በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ «አዎን፣ ክዳን የለውም። 1973 ነው» አሉ። ውሸቴን በራሳቸው ትዝታ መሰከሩልኝ። ከዚያም ባለቤታቸውን ጠርተው ከመኪናው አጠገብ ፎቶግራፍ እንዲያነሡዋቸው ለመኑ። ኮታቸውንም ቈለፉ።

አጎቴ ሁለት ስኒ ቡና ይዘው ሲደርሱ የመጨረሻውን ቃል ሰሙ። በአማርኛም፣ «ምን ብለሃቸው ነው?» አሉኝ።

«የ1973 ነው አልኳቸው፣ ጋሼ።»

«ንገራቸው።»

«እርስዎ ቢነግሩልኝ...»

«እኔ አልዋሸሁም» አሉ፤ ቡናውንም መሬት ላይ አስቀመጡት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉን ለመመለስ ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ኮፈኑን ከፈትሁ፤ ምንጣፉን ገለጥሁ፤ ቍጥሩን አሳየኋቸው። የ1983 መኪና እንደ ሆነ፣ ፊቱን እኛ እንደ ለወጥነው፣ ይህንም እያወቅሁ እንዳልነገርኳቸው ተናገርሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው አድርገው ቍጥሩን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ቀና ሲሉም አልተቈጡም። ተቈጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «የ1983 ነው ብትለኝም ፎቶ እነሣ ነበር። ለምን እንደ ዋሸኸኝ ግን አልገባኝም» አሉኝ። ለባለቤታቸውም ካሜራውን መልሺው ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡና ኮታቸውን ፈትተው በከዘራቸው እየተደገፉ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ብዙ አልተናገሩም። በመጨረሻ ስለ አያቴ አነሡ። አያቴ የተጋጨ ፓራፋንጎ ቀጥቅጠው ሲጨርሱ የቀረውን ጕድጓድ በስቱኮ ይሞሉ ነበር። ስቱኮ የማይጠቀም ባትላሜራ የለም። ባለመኪናው ሊረከብ ሲመጣ ግን እጁን ይዘው፣ «ከዚህ እስከዚህ ስቱኮ ነው፤ የቀረው ብረት ነው» እያሉ ያሳዩት ነበር። ሰው ሳይጠይቃቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ልጅ ሳሉ አጎቴ በዚህ ያፍሩ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ የአባታቸውን ጕድለት ማሳየት መስሏቸው ነበርና። «በኋላ ነው የገባኝ። የሠራኸውን ካሳየህ ሙያ ነው። ከደበቅኸው ያው ሥራ ማታለል ይሆናል። መዶሻው አንድ ነው» አሉ።

መኪናው ለባለቤቱ በተሰጠ ቀን ከእሱ ጋር ሦስት ነገር ተሰጠ። አንደኛው፣ ሊጠገኑ ከሚችሉት ከአሮጌዎቹ ፓራፋንጎዎች ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቡሎን ድረስ የወለቀው ዕቃ ሁሉ በሣጥን ተደርጎ ነው። ወደፊት ወደ ትውልድ መልኩ ልመልሰው የሚል ሰው ቢነሣ ያገኘዋል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጭኑ ፓራውልት ያማረ ቢሆንም እንደ ቀድሞው ግጭት እንደማይችል አጎቴ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ሦስተኛው አንድ ደብተር ነው። የተቆረጠው፣ የተበየደው፣ የተለወጠው ሁሉ ከነፎቶግራፉ ተጽፎበታል። አጎቴ ብዕሩን ለእኔ ሰጥተው፣ «የኮፈን ቁልፍ የሚያርፍበት ላሜራ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ብረት አሥራ አንድ ቦታ በስሕተት ተበስቶ ተበይዷል» ብዬ እንድጽፍ አደረጉኝ። ከሥሩም ፈረምሁ። ባለቤቱ አንብበው እጄን ጨበጡኝ።

እንግዲህ ሽማግሌውን አጎቴ ስላዩኝ አረምሁ። ደብተሩንም አጎቴ ስላዘዙኝ ጻፍሁ። ለእናንተ የላክሁትን ፎቶግራፍ ግን አጎቴ አላዩም፤ ያዘዘኝም ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ገብቼ ስትቀበሉኝ፣ መምህራችንም ሲያመሰግኑኝ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ወራት አለፉ። አሥራ አንዱን ቀዳዳ የበሳሁትም እንዲሁ ነበር፤ አንዱን ከመናገር አሥሩን መጨመር ቀሎኝ።

አሮጌ መልክ መውደድ ነውር ነው ብዬ አላምንም። አዲሱን ጎበዝ አካል የጥንት ፊት ማልበስም ነውር አይደለም። እኛም በዚህ ዕድሜያችን ያልሆንነውን መምሰል እንወዳለን። አንዱ እንደ ታላቅ ወንድሙ ይለብሳል፤ ሌላው ባሕር ማዶ የኖረ ይመስል ያወራል። ይህ ሁሉ ፓራፋንጎ እንደ መለወጥ ነው፤ በቡሎን የተያዘ ነው፤ ይወልቃል፤ ይገጠማል። ሰው ቀርቦ ስንት ዓመትህ ነው ብሎ ሲጠይቀን ግን ምንጣፉን ገልጠን የተመታብንን ቍጥር ማሳየት ይገባናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን እስኪጠራ ከመጠበቅ ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ያመሰገኑኝን መምህሬን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጓደኞቼም ፎቶግራፉ አሁንም በእጃችሁ ካለ፣ «ያደስነው» የሚለውን «መልኩን የለወጥነው» በሉልኝ። ዓመቱንም 1983 ብላችሁ አርሙልኝ።